መለኪያን የሚለካ ዕቃ

በሱሉልታ ወደሚገኝ የወተት መሰብሰቢያ በማለዳ የደረሰ ሰው አንድ የታወቀ ሥርዐት ይመለከታል። ባለላሚቱ ወተቷን ይዛ ትቀርባለች፤ ተረካቢው ላክቶሜትር የተባለውን የመስተዋት መለኪያ ወተቱ ውስጥ አስገብቶ ቁጥሩን ያነባል፤ ቁጥሩ ከተወሰነው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ወተቱ ውኃ ገብቶበታል ይባልና ይመለሳል። ወተቷ የተመለሰባት ሴት ግን «መለኪያህስ ራሱ ልክ መሆኑን በምን አወቅህ?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄዋ የድፍረት ሳይሆን የአስተዋይ ጥያቄ ነው። ተረካቢውም ሊሰጣት የሚችለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም መለኪያውን ለተሠራበት የሙቀት መጠን በሚስማማ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክሮ ዜሮ ላይ መቆሙን ማሳየት ነው። ለዚህ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። ብርጭቆው ውኃ ከሌለ ግን ክርክሩ እስከ ማታ ቢቀጥል አያልቅም።

ዛሬ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ላቦራቶሪዎች ውስጥ የሚሠራባቸው መለኪያዎች ከላክቶሜትር እጅግ የረቀቁ፣ ዋጋቸውም እጅግ የከበደ ነው። ከእነዚህም አንዱ አንቲቦዲ የሚባለው ነው። የዚህ መለኪያ ብርጭቆ ውኃ ደግሞ አጋጅ ፔፕታይድ የተባለ፣ በሰው እጅ የተሠራ፣ መጠኑ ከቁንጥር ጨው ያነሰ ዱቄት ነው። አንቲቦዲው ከውጭ አገር ሲታዘዝ ይህ ዱቄት አብሮ መታዘዝ እንደሚገባው፣ ዋጋ ለመቀነስ ሲባልም ከዝርዝሩ መሰረዝ እንደማይገባው የአስመጪው ነጋዴ ወገን እንዲያስብበት ማሳሰብ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ነገሩ የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ከብት ላኪውንም፣ ወተት ሻጩንም የሚነካ ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ነጋዴው እነዚህን ከተሞች የሚያውቃቸው በቢራው፣ በአበባው፣ በታሸገው ውኃ፣ በሱሉልታ ድርቆሽና በወተቱ ነው። ሰበታ ላይ ግን ቀድሞ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራና ጥናት ማዕከል ይባል የነበረው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ ቡራዩን አልፎ በዚያው መንገድ ለሚሄድም ሆለታ ላይ የብሔራዊ ግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ይገኛል። ስለዚህ ለእነዚህ ቤቶች የሚታዘዘው ዕቃ እንደ ጨርቃ ጨርቅና እንደ ቆርቆሮ በሜትርና በኩንታል የሚለካ ሳይሆን በማይክሮግራም የሚቈጠር ነው። አንድ መቶ ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም አሥር ሺሕኛ ነው። አጋጅ ፔፕታይድም ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በዚህን ያህል መጠን ነው።

ሰው ሠራሽ ፔፕታይድ ለዚህ አካባቢ ፍጹም እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ 88 የወተት ከብት እርባታዎች የሚገኙ 2,956 ከብቶችን መርምሮ፣ 30 በመቶ ያህሉ ለከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ምላሽ የሰጡ መሆናቸውን አስታወቀ። በሽታው በወተት አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ ይህ ቁጥር ማንንም ወተት ሻጭ ሊያሳስበው የሚገባ ነው። ለከብቶቹ ቢሲጂ የተባለውን የሕፃናት ክትባት መስጠት ይቻላል፤ ችግሩ ግን የተከተበችው ላም በተለመደው የቆዳ ምርመራ ላይ እንደ ታመመች ሆና መታየቷ ነው። ምርመራው የሚደረግበት ቱበርኩሊን የሚዘጋጀው ከባክቴሪያው ፕሮቲኖች ድብልቅ ስለ ሆነ የታመመችውን ከተከተበችው ሊለይ አይችልም።

እዚህ ላይ ነው ፔፕታይድ የገባው። ሳይንቲስቶች በበሽታው ባክቴሪያ ዘንድ ያሉትን፣ በክትባቱ ባክቴሪያ ዘንድ ግን የሌሉትን ወይም ከሰውነቱ የማይወጡትን ፕሮቲኖች መርጠው፣ የእነርሱን ቍርጥራጭ በፋብሪካ እንደ ሰንሰለት ቀጥለው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. «ሳይንስ አድቫንስስ» በተባለው መጽሔት የታተመው ይህ ሥራ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥም በከብቶች ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ደግሞ በ«ሳይንስ» መጽሔት በታተመውና የሰበታው ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ቢሲጂ የበሽታውን መተላለፍ በ89 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተገለጸ። ይህ ፔፕታይድ የሚሠራው ሥራ የታመመችውን ላም ሰውነት ቀስቅሶ ማጋለጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው አጋጅ ፔፕታይድ ግን ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ይቀስቅስ ዘንድ ሳይሆን ዝም ያሰኝ ዘንድ የሚታዘዝ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንቲቦዲ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የእንስሳ ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገባበት ያን እንግዳ ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ይሠራል፤ አንቲቦዲ የሚባለው ይህ ነው። ሊቃውንት ይህን ጠባይ ተጠቅመው ጥንቸልን ወይም ዐይጥን በፈለጉት ነገር ይወጉና የተገኘውን አንቲቦዲ ለምርመራ ያውሉታል። አንቲቦዲው ላይ ቀለም የሚሰጥ ወይም የሚያበራ ነገር ስለሚያያዝበት፣ የያዘው ነገር ካለ ይታያል፤ ከሌለም ምንም አይታይም። በዚህም የተነሣ አንቲቦዲ በላቦራቶሪ ውስጥ እንደ ምስክር የሚቈጠር ነው።

በተለይ አስቸጋሪ የሆነው ግን በሕዋስ ገለፈት ላይ የሚገኘው ፕሮቲን ነው። የሕዋስ ገለፈት ከስብ የተሠራ ስስ መጋረጃ ሲሆን ብዙዎቹ ፕሮቲኖች በዚህ መጋረጃ ውስጥ እንደ መርፌ ክር ወዲህና ወዲያ ተሰክተው የሚኖሩ ናቸው። ከመጋረጃው ሲነቀሉ ቅርጻቸው ይበላሻል። ስለዚህ ሙሉውን ፕሮቲን አጥርቶ እንስሳ ከመውጋት ይልቅ፣ ከመጋረጃው ውጭ ጎላ ብሎ የሚታየውን ጫፍ ብቻ ከ15 እስከ 20 አሚኖ አሲድ በሚሆን አጭር ሰንሰለት አስመስሎ መሥራት የተለመደ ሆኗል። ይህን ሰንሰለት አንድ በአንድ በጠጣር ፍሬ ላይ እየቀጠሉ የመሥራትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ያስታወቁት አሜሪካዊው ኬሚስት ብሩስ ሜሪፊልድ ናቸው፤ ለዚሁም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከዚያ በፊት አንድ አጭር ፔፕታይድ መሥራት የብዙ ወራት ድካም ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ በመሣሪያ ይሠራል።

እንግዲህ አንቲቦዲው የተገኘው ከዚህ አጭር ሰንሰለት ከሆነ፣ ያው ሰንሰለት ምስክሩን ለመፈተን ያገለግላል። መርማሪው አንቲቦዲውን ከሁለት ይከፍላል። አንደኛውን እንዳለ ይተወዋል፤ ሁለተኛውን በክብደት በብዙ እጥፍ ከሚበልጥ ፔፕታይድ ጋር ቀላቅሎ ያቈየዋል። በዚህ ጊዜ አንቲቦዲው እጆቹ ሁሉ በፔፕታይዱ ስለሚያዙበት ሌላ ነገር ሊጨብጥ አይችልም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ ዐይነት ናሙና ላይ ጎን ለጎን ይሞከራሉ። በመጀመሪያው የታየው ምልክት በሁለተኛው ከጠፋ አንቲቦዲው የጨበጠው በዚያ ቍርጥራጭ በኩል መሆኑ ታወቀ። በሁለቱም ላይ እኩል ከታየ ግን ምልክቱ የመጣው ከሌላ ነገር ነው፤ ምስክሩ ያላየውን አየሁ ብሏል ማለት ነው። ጠንቃቃ መርማሪ በዚህ አያበቃም፤ ምንም ዝምድና የሌለውን ሌላ ፔፕታይድ በሦስተኛ ናሙና ላይ ይጨምርና እርሱ ምንም አለማገዱን ያረጋግጣል።

የዚህን ፈተና ክብደት የሚያስረዳ ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ አለ። በቀይ የደም ሕዋስ ገለፈት ላይ ዳፊ የሚባል፣ መጋረጃውን ሰባት ጊዜ የሚያቋርጥ ፕሮቲን ይገኛል። በኢትዮጵያ ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያሳምመው የወባ ዐይነት ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው በዚህ ፕሮቲን በኩል መሆኑ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቻቸው በደማቸው ላይ ይህ ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ እንደማይያዙ አሳዩ፤ ብዙ አፍሪካውያን ቫይቫክስን የሚቋቋሙበትም ምክንያት ይኸው ነው ተባለ። ለብዙ ዘመንም በሩ ከሌለ ሌባው አይገባም የሚለው አስተሳሰብ ጸና።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ከማዳጋስካር፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ፣ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ታመው መገኘታቸው ተዘገበ። በአንድ መንደር ውስጥ ዳፊ ያለው ሰውና የሌለው ሰው ጎን ለጎን የሚኖርባት ኢትዮጵያም ለዚህ ጥያቄ ዋና የምርምር ስፍራ ሆነች። ሌባው በምን ገባ? እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ያቀረበው መልስ የሚያስደንቅ ነው፤ ዳፊ የላቸውም በሚባሉት ሰዎች ዘንድ እንኳ ደም ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ በልጅነት ደረጃ ያሉት የደም ሕዋሳት ይህን ፕሮቲን ለጥቂት ጊዜ እንደሚይዙ፣ ካደጉ በኋላ ግን እንደሚያጡት የሚገልጽ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በዐይን የሚያይ የለም። የሚታየው አንቲቦዲ ወይም እንደ አንቲቦዲ የሚጨብጥ ሌላ ነገር የሰጠው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ደካማ፣ ሕዋሱም ጥቂት ስለሚሆን፣ ምስክሩ የሌላውን ፕሮቲን ጫፍ ከዳፊ ጫፍ ጋር ቢያምታታው «አለ» የተባለው ሳይኖር ይቀራል። ለወባ ክትባት የሚደረገው ድካም ከፊሉ በዚህ ፕሮቲንና በቫይቫክስ መካከል ያለውን መጨባበጥ ለመከላከል የታሰበ በመሆኑ፣ ስሕተቱ በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። በዚህ አገር ያለ ላቦራቶሪ ተመሳሳይ ሥራ ልሥራ ቢል፣ ዳፊን የሚጨብጥ አንቲቦዲ ብቻውን ገዝቶ ከዚያ ጫፍ የተሠራውን ፔፕታይድ ቢተወው፣ ላክቶሜትር ይዞ ብርጭቆ ውኃ እንደሌለው ወተት ተረካቢ ይሆናል።

በአንቲቦዲ ንግድ ውስጥ ያለው ኪሳራ በውጭው ዓለምም የተሰወረ አይደለም። አንድሩ ብራድበሪና አንድሪያስ ፕሉክቱን እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በ«ኔቸር» መጽሔት ላይ ከ100 የሚበልጡ ባልደረቦቻቸው ስማቸውን ያኖሩበትን ጽሑፍ አውጥተው፣ በማይታመኑ አንቲቦዲዎች ምክንያት በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ 350 ሚሊዮን ዶላር ያህል በከንቱ እንደሚጠፋ ገምተው ነበር። በጀቱ ሰፊ በሆነ አገር ይህ እንደ ብክነት ይቈጠራል። የውጭ ምንዛሪ በወረፋና በጭንቅ ሲገኝባት በኖረች አገር ግን ሌላ ስም ሊሰጠው ይገባል።

በሌላ በኩል ለአጋጅ ፔፕታይድ ከሚገባው በላይ ማመስገንም ትክክል አይሆንም። ፈተናው የሚያረጋግጠው አንቲቦዲው ያን ቍርጥራጭ የሚጨብጥ መሆኑን ነው እንጂ፣ ተመሳሳይ ቍርጥራጭ ያለው ሌላ ፕሮቲን በናሙናው ውስጥ አለመኖሩን አይደለም። ሌላው ፕሮቲን በዚያው በተመሳሳይ ጫፉ ተጨብጦ ቢሆን፣ ፔፕታይዱ የእርሱንም ምልክት ያጠፋዋልና መርማሪው ይታለላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ሊቃውንት ተሰብስበው አንቲቦዲ የሚረጋገጥባቸውን አምስት መንገዶች ባወጡ ጊዜ የፔፕታይድ እገዳ ከአምስቱ አንዱ አልሆነም። ከሁሉ የጠነከረው መንገድ ፕሮቲኑ ከነዘሩ የተወገደበት ሕዋስ ላይ አንቲቦዲውን መሞከር ነው። እንዲህ ያለ ሕዋስ ማዘጋጀት ግን ገንዘብ፣ መሣሪያና ጊዜ ይጠይቃል። አጋጅ ፔፕታይድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንቲቦዲው ዋጋ ያነሰ ሆኖ ውሸታም ምስክርን በመጀመሪያው ቀን ያጋልጣል። የከፋውን ለመጣል የሚበቃ ወንፊት፣ የተሻለውን ለመምረጥ ባይበቃም ወንፊትነቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ ቢባል ላኪው በመጀመሪያ ሊጠራ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኵሳት በተነሣ ጊዜ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአፍሪካ ቀንድ ለሚመጣው የቁም ከብት በራቸውን ዘጉ። ብዙ ባለከብትና ብዙ ነጋዴ በዚያ ጊዜ ተጐድቷል። በሩ ሲከፈትም ሆነ ሲዘጋ ዋናው ጥያቄ የላቦራቶሪ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የሚታመነው የሰጠው ላቦራቶሪ ምርመራውን በምን እንዳረጋገጠ ሲጠየቅ ሊያሳይ የቻለ እንደ ሆነ ነው። ለዘወትር ምርመራ የሚውሉት ዝግጁ ኪቶች የየራሳቸው ማረጋገጫ ናሙና አብሯቸው ይመጣል። ኪት ያልተሠራለት አዲስ ጥያቄ ሲነሣ ግን ላቦራቶሪው በራሱ በገዛው አንቲቦዲ ላይ ይመካል፤ የዚያን ጊዜ አስመጪው ምን እንዳመጣለትና ምን እንዳስቀረበት ይታወቃል።

አስመጪው የሚሰጠው መልስም ይታወቃል። «ገዢው ያላዘዘውን ለምን አመጣለሁ? እኔ ነጋዴ እንጂ ሳይንቲስት አይደለሁም» ይላል። መልሱ ከፊሉ እውነት ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የጨረታው ሰነድ «አንቲቦዲ፣ ብዛት 1» ብሎ ሲያበቃና አሸናፊው በዝቅተኛ ዋጋ ሲመረጥ ነው። ፔፕታይዱን ጨምሮ ያቀረበው አስመጪ ዋጋው ከፍ ስለሚል ይሸነፋል፤ የተወው ያሸንፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህም በዶላር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በብር ሲቈጠር ስለ ከበደ፣ ከዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር የመሰረዝ ፈተና በርትቷል።

ቢሆንም ነጋዴ ዕቃውን አያውቅም ማለት የነጋዴ ወግ አይደለም። የቀድሞ ነጋዴዎች የማርያ ቴሬዛን ብር ሲቀበሉ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻዋን መርፌ ፈርጥ አይተው ሲያበቁ ነበር ወደ ከረጢታቸው የሚያስገቡት። ማዕድን መርማሪ አልነበሩም፤ የሚፈትኑበትን ምልክት ግን ያውቁ ነበር። ዛሬም ከአስመጪው የሚፈለገው ከዚህ ያለፈ አይደለም። ስለ አጋጅ ፔፕታይድ ሊያውቀው የሚገባው ነገር በአንድ ማለዳ የሚጠና ነው።

ከሁሉ በፊት ፔፕታይዱ ለራሱ ለአንቲቦዲው የተሠራ መሆን አለበት። የፕሮቲኑ ስም አንድ መሆኑ አይበቃም። ለምሳሌ አንድ አስመጪ ከአንድ ፋብሪካ የዳፊን አንቲቦዲ አዝዞ ዋጋው የረከሰ ስለ መሰለው ፔፕታይዱን ከሌላ ፋብሪካ ቢያመጣ፣ አንቲቦዲው የተሠራው ከውጭኛው ጫፍ፣ ፔፕታይዱ ደግሞ ከውስጠኛው ጫፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ፔፕታይድ የሌላ ቤት ቍልፍ ነውና አያግድም፤ መርማሪውም ደኅናውን አንቲቦዲ ውሸታም ነው ብሎ ይጥለዋል። ብዙ ፋብሪካዎች የሰንሰለቱን ቅደም ተከተል በምስጢር ስለሚይዙ፣ ትክክለኛውን ፔፕታይድ ማቅረብ የሚችለው አንቲቦዲውን የሠራው ፋብሪካ ራሱ ነው። ቅደም ተከተሉ በግልጽ የታተመ ከሆነ ግን ማንኛውም የፔፕታይድ ፋብሪካ ሊሠራው ስለሚችል ዋጋ ማወዳደር ይቻላል። ከሙሉ ፕሮቲን የተገኙ አንቲቦዲዎች ደግሞ የሚገጥማቸው አንድ ፔፕታይድ ላይኖር ስለሚችል፣ አስመጪው በደፈናው «ሁሉም ፔፕታይድ አለው» ብሎ እንዳይዋዋል ይጠንቀቅ።

ስለ ቅዝቃዜ የሚነገረው ረዘም ያለ ነው። ፔፕታይዱ ደርቆ በዱቄትነት የሚላክ ከሆነ ለጥቂት ቀናት መንገድ ላይ ቢቈይ ብዙም አይጐዳም። አንቲቦዲው ግን ፈሳሽ ነው፤ አንዳንዱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ አንዳንዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ እየቀለጠ ተመልሶ የሚቀዘቅዝ ከሆነም ኀይሉን ያጣል። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ያህል የሚቀዘቅዝ ቢሆንም ሳይቀልጥ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ስለሚጠፋ፣ በቦሌ የጭነት መጋዘን ለብዙ ቀናት የተረሳ ካርቶን ሲከፈት የሚገኘው ባዶ ሳጥንና ለብ ያለ ብልቃጥ ነው። ፔፕታይዱም ቢሆን አንድ ጊዜ በፈሳሽ ከተሟሟ በኋላ በትንንሽ ብልቃጥ ተከፋፍሎ መቀዝቀዝ እንጂ በየቀኑ እየወጣ እየገባ መሠራት የለበትም። ይህን የሚያስረዳ አንድ ቁራጭ ወረቀት በአማርኛና በኦሮምኛ አዘጋጅቶ ከዕቃው ጋር ማስረከብ ለአስመጪው ወጪው የወረቀትና የቀለም ብቻ ነው።

የጉምሩክና የፈቃድ ወረቀትም ቢሆን ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ተዘጋጅቶ ሊጠብቅ ይገባል። በደረቅ በረዶ የተጫነ ካርቶን ከደረሰ በኋላ ወረቀት መፈለግ ከብቱ ከጠፋ በኋላ በረቱን እንደ መዝጋት ነው። አንድ ትንሽ ብልቃጥ ለብቻዋ ስትታዘዝ የማጓጓዣው ዋጋ ከብልቃጧ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ለሰበታ የሚያቀርበውና ለሆለታ የሚያቀርበው አስመጪ ትእዛዛቸውን አስተባብረው በአንድ ቀዝቃዛ ሣጥን ቢያስመጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ነጋዴ ከነጋዴ ጋር በዚህ መስማማት ቢያቅተው፣ ምክር ቤቱ የትእዛዝ ቀን አስታውቆ ማገናኘት አይሳነውም። ለእንዲህ ያለው ነገር ካልሆነ ምክር ቤት የቆመበት ምክንያት ምንድን ነው?

ገዢዎቹ መሥሪያ ቤቶችም ከነቀፋ አያመልጡም። የጨረታው ሰነድ ላይ «አንቲቦዲ ከነተዛማጅ አጋጅ ፔፕታይዱ፣ ፔፕታይድ ከሌለው በሌላ ማረጋገጫ» የሚል አንድ መስመር ቢጻፍ፣ ፔፕታይዱን የጨመረውና የተወው አስመጪ በእኩል ሚዛን ይወዳደራሉ። መስመሩ እስኪጻፍ ድረስ ግን አስመጪው ፕሮፎርማውን ሲያዘጋጅ የአንቲቦዲውንና የፔፕታይዱን ካታሎግ ቁጥር በሁለት ተከታታይ መስመር ጽፎ፣ ዋጋቸውን ለየብቻ አሳይቶ ሊያቀርብ ይችላል። የሚሰርዘው ገዢው ይሁን፤ ሲሰርዝም በፊርማው ይሰርዝ።

የትእዛዙም ቀን ሊታሰብበት ይገባል። የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎች በገና በዓላቸው ምክንያት ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ጭነት ያዘገያሉ፤ የእነርሱ በዓል ሲያልፍ የኢትዮጵያ ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይገባል፤ ጥር 11 ቀን ደግሞ ጥምቀት ነው። በእነዚህ ሳምንታት መካከል በሐሙስ ወይም በዓርብ የተላከ ቀዝቃዛ ካርቶን ቦሌ የሚያርፈው ተረካቢ በሌለበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጥምቀት በፊት የሚፈለገው ዕቃ በኅዳር ወር ውስጥ፣ ከሰኞ እስከ ማክሰኞ ባለው ቀን ከፋብሪካው እንዲነሣ ተብሎ በትእዛዙ ወረቀት ላይ መጻፍ ይኖርበታል።